«ምንም አይደለም» ስል የኖርኩበት ክፍል

ጡረታ የወጣሁ ቀን ጤና ጣቢያው ለሁለት ሰው አንድ ላይ ሽኝት አደረገ። አንደኛዋ የማዋለጃ ክፍሏ ሲስተር ጸዳለ ናት፤ ሁለተኛው እኔ። አዳራሹ ውስጥ ለስላሳ፣ ኬክና ቆሎ ቀርቧል። ለሲስተር ጸዳለ እናቶች መጡ። ልጅ ያዘለች አለች፣ ልጅ የምትጎትት አለች፤ አንዷማ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጇን ከፊት አቁማ «ይቺን ከሞት ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ» እያለች ሲስተሯን በእንባ አራሰቻት። ለእኔ የመጣ ታካሚ አልነበረም። ኃላፊያችን ወጣት ሐኪም ናት፤ ንግግሯ ላይ እኔ ዘንድ ስትደርስ ትንሽ ፈራ ተባ ብላ «ወንድማችን ደምሴም በሥራ ዘመኑ ብዙዎችን ረድቷል» አለችና ቶሎ አለፈችው። ጋቢ አለበሱኝ። ተጨበጨበ። ጋቢውን አጥፌ በፌስታል ያዝኩና ከመገናኛ የጎሮ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ቅር አላለኝም ብል ግማሹ ውሸት ይሆናል። ግን ማን ሊመጣ ኖሯል? የእኔን ክፍል በር ያንኳኳ ሰው ሁሉ ያንኳኳበትን ቀን መርሳት ይፈልጋል። ክፍሏ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ከዓይን ክፍሉ ቀጥላ ያለችው ናት። ነርስ ነኝ። የቆዳና የአባላዘር በሽታ እናክምበታለን። አባላዘር ስል ታዲያ እዚያ ከሚመጣው ሰው ብዙው በሽታ የለበትም። ብልቱ ላይ፣ ብሽሽቱ ላይ፣ እንትኗ አጠገብ ትንሽ ነጠብጣብ፣ ትንሽ ሽፍታ፣ ትንሽ እብጠት አይቶ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ሰው ነው። የሥራ ዘመኔ ቢጠቀለል፣ እንዲህ ላለው ሰው «ምንም አይደለም» ስል ነው ያለቀው። ይቺን ሁለት ቃል በትክክል መናገር እንዴት ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው።

ወደዚያ ክፍል የሄድኩት ወድጄ አይደለም። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ወባ የበዛበት ቆላ አገር ተመድቤ ጥቂት ዓመት ሠራሁና በዝውውር አዲስ አበባ መጣሁ። ያኔ የነበረው የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ቁጡ ሰው ነበር። በተረኝነት ድልድል ተጣላን። በማግስቱ ጠራኝና «ከዛሬ ጀምሮ ከሲስተር የሺ ጋር ትሠራለህ» አለኝ። ከዚያ ስወጣ ካርድ ክፍል ያሉት ሳቁ። ኃላፊው የጠመደውን ሰው ወደዚያ ክፍል እንደሚልክ ሁሉም ያውቃል።

ሲስተር የሺ ያኔ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። እኔ በአክብሮት «እርስዎ» ስላት ገና በመጀመሪያው ሰዓት «ተወኝ እባክህ፣ አንቺ በለኝ። እርስዎ ስትለኝ ታካሚ ነው የምትመስለኝ» አለችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ፔርሙዝ ነበር። ሻይ መስሎኝ ልቅዳ ስል ሳቀችብኝ። ሙቅ ውኃ ነው። ጤና ጣቢያው ከቧንቧ የሚያወጣው ውኃ ክረምት ላይ አጥንት ይሰብራል፤ እሷ ጠዋት ከቤቷ ይዛ በመጣችው ሙቅ ውኃ እጇን ትታጠብና ጓንቷን ታጠልቃለች። «የፈራ ሰው ገላ ላይ ቀዝቃዛ እጅ አይጫንም» ትላለች። ሥራ እስክታቆም ድረስ ያ ፔርሙዝ ሳይሞላ የመጣበትን ቀን አላስታውስም።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አላስነካችኝም። ከጎኗ ቆሜ ፊቴን ብቻ እንድጠብቅ ነገረችኝ። «አፍህን አይሰሙትም፤ ፊትህን ነው የሚያነቡት። ግንባርህ ትንሽ ከተኮማተረ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ብትምል ብትገዘት አያምኑህም።» እውነቷን ነው። ሱሪውን ያወለቀ ሰው ዓይኑ ከሐኪሙ ፊት አይነቀልም።

ሌላም ሕግ ነበራት። አይታ ስትጨርስ አንዲት ቃል አትናገርም። «ልበስ» ትላለች። ሰውየው ይለብሳል፣ ቀበቶውን ያስራል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እሷም መጥታ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ያኔ ነው የምትናገረው። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«ራቁቱን ላለ ሰው ወሬ አይነገርም» አለችኝ። «ደግ ወሬም ቢሆን። ልብሱን ያልለበሰ ሰው የሚሰማው ግማሹን ነው።»

ማየትን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አምፖል አትወድም፤ አምፖል ጥላ ይፈጥራል፣ ጥላ ደግሞ ትንሹን ነገር ትልቅ ያደርገዋል ትላለች። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ከውጭ አያሳይም፣ ብርሃን ግን ያስገባል። ማጉያ መነጽሩን ትይዝና ቆዳውን በሁለት ጣት ቀስ አድርጋ ትወጥረዋለች። ሲወጠር ይበልጥ የሚታዩት፣ ነጭ ወይም ቢጫ ቢጤ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉት ነጠብጣቦች የዘይት ዕጢ ናቸው። ሰው ሁሉ ቆዳው ውስጥ አለው፤ ፀጉር በሌለበት ቦታ ላይ ሲሆን በግልጽ ይታያል፣ ያ ብቻ ነው። ወንዶች ላይ ደግሞ በብልቱ ራስ ዙሪያ እንደ ጨሌ በተርታ የተደረደሩ፣ መጠናቸው እኩል የሆነ፣ የማያሳክኩ፣ የማያሙ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። እነሱም አብረው የተፈጠሩ ናቸው፤ አይተላለፉም፣ መድኃኒትም አይፈልጉም። ከተላጨ በኋላ ወደ ውስጥ የበቀለ ፀጉር የሚያመጣው ቡግርም አለ፤ ምላጩን ሲያርቁት ራሱ ይተዋል።

ሁሉም እንዲያ ነው ማለቴ አይደለም። እንደ አበባ ጎመን የተዘበራረቀውን ኪንታሮት፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለውን እባጭ፣ የማያመውን ግን አደገኛውን ቁስል መለየት ነበረብን። የሚያድግ፣ የሚደማ፣ የሚቆስል ነገር ያለበትን ደም እናስመረምረዋለን፣ ካስፈለገም ወደ ቆዳ ሐኪም እንልካለን። ሲስተር የሺ ሳታይ «ምንም አይደለም» ብላ አታውቅም። በስልክ ለሚጠይቋት ዘመዶቿ እንኳ «መጥተሽ ልይሽ» ነበር መልሷ።

ከሁሉ የምወድላት ግን መስታወቷን ነው። የዘይት ዕጢ ሆኖ ያገኘችውን ሰው ካስለበሰች በኋላ ከመሳቢያዋ ትንሽ የእጅ መስታወት አውጥታ ትሰጠዋለች። «የላይኛውን ከንፈርህን ወጠር አድርግና እስቲ እይ» ትለዋለች። ብዙ ሰው ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ያንኑ ነጠብጣብ ያገኛል። «አየህ? እሱ ነው። ከንፈርህ ላይ ሲሆን በሽታ ነው ያለህ ሰው አለ?» ስንቱ ጎልማሳ መስታወቱን እንደያዘ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሲስተር የሺ ያኔ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ትሄድና እስኪጨርስ ጀርባዋን ሰጥታው ትቆማለች።

አንድ ኃላፊ መጣና ክፍሎቹን ሁሉ ምልክት ለጥፉ አለ። በእኛ በር ላይ በትልቅ ፊደል «የአባላዘር በሽታዎች ሕክምና» የሚል ተሰቀለ። ሳምንቱን ሙሉ በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ። ግራ የገባን እኛ ብቻ አይደለንም፤ የዓይን ክፍሉ ነርስ መጥቶ «ምን ጉድ ነው፣ ደጃፌ ላይ ዓይናቸውን ያላመማቸው ሰዎች ተሰልፈዋል፣ ተራቸው ሲደርስ ተነሥተው ይሄዳሉ» አለን። ሲስተር የሺ በዚያው ከሰዓት ወንበር ላይ ወጥታ ምልክቱን ነቀለችው። ኃላፊው ሲጠይቃት «ወደቀ» አለች። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ቁጥር ብቻ ቀረ። ሰዎቹም የዓይን ታካሚ መስለው ይቀመጡና ኮሪደሩ ጭር ሲል ሹልክ ብለው ይገባሉ።

ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። የሚከብደው ሌላ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማታ ገበታ ላይ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ትለኝ ነበር። «ደህና» እላለሁ። ምን ልበላት? የሰው ገመና ሆዴ ውስጥ ይዤ ሽሮ እበላለሁ። እሷ የገበያውን፣ የጎረቤቱን፣ የልጃችንን ታወራለች፤ እኔ እሰማለሁ። በኋላ በኋላ መጠየቁን ተወችው። ዝምተኛ ሰው ነው ብላ ለእህቶቿ ስትናገር ሰምቻለሁ። ዝምተኛ ሆኜ አልተፈጠርኩም።

አሁን የማወራው ከሁሉም ያልወጣልኝን ነው። ጊዜው የቀላል ባቡሩ መንገድ ሲቆፈር ነው። መገናኛ አቧራና ጉድጓድ ብቻ ነበር። ጀማል የሚባል ወጣት ሹፌር መጣ፤ ከመገናኛ ጎሮ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ወሎዬ፣ መልከ መልካም ልጅ። እግሩን ከፈት አድርጎ ነው የሚራመደው። ሲያወልቅ ፊቴን መጠበቅ ያን ቀን ተቸገርኩ። ብልቱ ተቃጥሏል። ቆዳው ተልጦ ቀይ ሥጋ ወጥቷል።

ቁስሉን አጥቤ ካሸግኩለትና ልብሱን ከለበሰ በኋላ ነው ነገሩን ያወራኝ። ኒካሁ ቀርቦ ነበር። ገላውን ሲታጠብ ብልቱ ራስ ዙሪያ የተደረደሩ ጥቃቅን ነገሮች አየ። ምናልባት ድሮም ነበሩ፣ ልብ ያለው ግን ያኔ ነው። አብሮት ለሚሠራ ሹፌር ነገረው። ጓደኛው «ይሄማ የታወቀ በሽታ ነው፣ ለሚስትህ ልትሰጣት ነው?» አለው። ጀማል ከዓመታት በፊት ከአንዲት ሴት ጋር አንድ ጊዜ ወጥቶ ያውቃል። እሱ ትዝ አለው። ከዚያም ገበያ ውስጥ በጠርሙስ መድኃኒት ከሚሸጥ ሰው ገዝቶ ቀባው።

«እሱ ያየኸው ነገር» አልኩት፣ «ጫፉ ላይ ሳይቃጠል የቀረው አሁንም ይታያል። በሽታ አይደለም። አብሮህ ያደገ ነው። ለማንም አይተላለፍም።»

«ደምም ይመርመር» አለ። አስመረመርነው። ንጹሕ ነው።

«ታዲያ አላህን! ለምንድን ነው የተውኳት?» አለና ጭንቅላቱን ያዘ።

ለካ ኒካሁን አፍርሶታል። ለሽማግሌዎቹ «አልፈልግም» ብቻ ብሏቸዋል፣ ምክንያት አልሰጠም። ልጅቷ መገናኛ አጎቷ ሱቅ ውስጥ ሻርፕ ትሸጣለች። ዘይነባ ትባላለች። «በሽታ ይዤ ከማገባትስ ብትጠላኝ ይሻላል ብዬ ነው ጋሼ» አለኝ።

ቁስሉ በየቀኑ መታጠብ ስላለበት ይመላለስ ጀመር። በዚያው ሳምንት ሲስተር የሺ ምሳ ላይ እንጀራዋን ቆርሳ እንደያዘች «ዛሬ አንዲት ልጅ አየሁ፣ አንጀቴን በላችው» አለችኝ። ሴቶቹን የምታየው እሷ ናት፣ ወንዶቹን እኔ፤ የሚከብደንን እርስ በርስ እንመካከራለን። ልጅቷ ለሠርጓ ስትዘጋጅ ፀጉር በሰም የምታነሣ ሴት ዘንድ ሄዳ፣ ሴትዮዋ እንትኗ አጠገብ ያለውን ነጠብጣብ አይታ «ይሄ ምንድን ነው፣ በሽታ ነው ታከሚ» አለቻት። ሴትዮዋ የእጮኛዋ እህት ጎረቤት ናት። ጥቂት ቀን ሳይቆይ እጮኛዋ ያለ ምክንያት ተዋት። «ነግራብኝ ነው» ብላ ደመደመች ልጅቷ። የዘይት ዕጢ ነው። ሲስተር የሺ መስታወቱን ሰጥታ ከንፈሯን አሳየቻት።

«እጮኛዋ ምን ይሠራል አለችሽ?» አልኳት።

«ሹፌር ነው። እሷ ሻርፕ ነው የምትሸጠው።»

ጉርሻዬን መለስኩት። ሲስተር የሺ ፊቴን አየችና ገባት። የሰው ፊት እንዳነብ ያስተማረችኝ እሷ አይደለች?

ምሳው እንደቀረበ ቀረ። እኔ ልጅ አይደለሁም፣ ሕጉን አውቃለሁ፤ ቢሆንም «አንዲት ቃል ብንነግራቸው እኮ ያልቃል» አልኳት።

«የማንን ቃል? የሱ ገመና የሱ ነው፣ የሷም የሷ። እኛ ዘንድ የመጡት ከእኛ አፍ እንዳይወጣ ነው። ዛሬ ለበጎ ነው ብለን ከፈትነው፣ ነገስ?»

«ታዲያ ዝም ብለን እንይ?»

«እሱ አንደበት አለው። ራሱ እንዲነግራት አድርገው። ከዚያ ወዲያ የእኛ አይደለም።» ይህን ስትል ድምጿ እንደ ወትሮው ዝግ ያለ ነበር፤ ሳህኑን እንዳለ አነሣችው።

በማግስቱ የጀማልን ቁስል እያጠብኩ ነገሩን ላነሣ አልኩና ተውኩት። የሲስተር የሺ ሕግ ትዝ ብሎኝ ልብሱን እስኪለብስ ጠበቅኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ሂድና ንገራት» አልኩት።

«ምን ብዬ ጋሼ? ያልታመምኩትን ታምሜያለሁ ብዬ ራሴን አቃጠልኩ ልበላት? ትስቅብኛለች።»

«አትስቅም።»

«ወንድሞቿ አሉ። አጎቷ አለ። ለሷ ነገርኩ ማለት ለመገናኛ በሙሉ ነገርኩ ማለት ነው እኮ፣ አንዱ ከሰማ ታክሲ ተራው ሁሉ ይሰማል።»

«ጀማል፣ ሴት ልጅ ለምን እንደተተወች ካልተነገራት ጥፋቱን የምትፈልገው ራሷ ላይ ነው።»

ከዚህ በላይ መሄድ አልችልም ነበር። እሱ ግን ቀና ብሎ በንጹሕ መገረም «ዘይነባ? እሷ ደግሞ ምን ጎድሏት ነው ራሷ ላይ የምትፈልገው?» አለኝ።

አፌ ውስጥ የነበረው ቃል እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ዋጥኩት።

«ቁስሌ ይዳን፣ ያኔ እንደ ሰው ቆሜ እነግራታለሁ» አለ በመጨረሻ። «በራሴ አፍ። እርስዎ ግን ለማንም።» እሺ አልኩት።

ጀማል ሲመጣ ስጠይቀው፣ ነገ ሲል፣ ሳምንቱ ሌላ ሳምንት ወለደ። የተቃጠለ ቆዳ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው። ሲስተር የሺ በየቀኑ በር ላይ «ነገራት?» ትለኛለች፤ ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን በሻርፕ ሱቁ በኩል አልፋ ኖሮ «ከስታለች» አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም።

ዳነ። ጠባሳ ቀረበት እንጂ ዳነ። የዳነ ዕለት ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ «ዛሬ እሄዳለሁ» ብሎኝ ከክፍሉ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ መጣና አልገባ ብሎ በር ላይ ቆመ።

«ሄዳለች» አለ። «ኮምቦልቻ ለነጋዴ ድረዋታል። አጎቷ ሱቅ ውስጥ ሌላ ልጅ ነው ያለው።»

ግባ አልኩት። አልገባም። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከእኔና ከእርስዎ ጋር ይቀበር። አሁን ባለትዳር ናት። ደግሞም...» አለና ተወው። ሄደ። ያ ክፍል ውስጥ ያንን ሁሉ ዓመት ስሠራ ካየሁት ሁሉ የከፋ ቁስል አይደለም። ግን የዳነው ሰው ሳይድን የሄደበት እሱ ነው። ሁለት ጤነኛ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ጤነኛ መሆናቸውን እኛ እናውቃለን፤ ምንም ማድረግ አልቻልንም።

ሲስተር የሺ ያንን ዕለት ከሰዓት አልሠራችም። ራሴን አሞኛል ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስለነሱ አንስታ አታውቅም፣ እኔም አላነሣሁም።

ጀማልን ከዚያ ወዲህ መገናኛ አየዋለሁ። አግብቷል፣ ልጆች አሉት፣ የራሱ ሚኒባስ ገዝቷል። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው ያዞራል። እኔም የሱ መኪና ተራ ላይ ከሆነ ቀጣዩን እጠብቃለሁ። እሱ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ስገባ ሻዩን ሳይጨርስ የሚነሣ ሰው አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ መንገድ የሚቀይር አለ። አልቀየምም። ልማዱ ስለገባኝ ቀድሜ እኔ ነኝ የማላውቃቸው።

ሲስተር የሺ ጡረታ ከወጣች በኋላ ብቻዬን ቀረሁ፤ ፔርሙዝ ይዤ መምጣት ጀመርኩ። ሥራውም ተለወጠ። ወጣቶቹ በሩን ሳያንኳኩ ስልካቸውን ነው የሚዘረጉት። «ዶክተር፣ ፎቶውን ልላክልህ?» ይላሉ። ኢንተርኔት አይተው የከፋውን መርጠው ነው የሚመጡት፤ ያልመጡት ደግሞ በቴሌግራም ክሬም ያስመጣሉ። በጠርሙስ ይሸጥ የነበረው በቱቦ መጣ እንጂ የሚያቃጥለው ያው ነው። ልብስህን ልበስና ተቀመጥ ስላቸው ግር ይላቸዋል። ሲቀመጡ ግን ፊታቸው ላይ ያለው ፍርሃት ድሮ የማውቀው ነው።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጎሮ ኮንዶሚኒየም ብቻዬን ነኝ። ልጃችን ሐዋሳ ትሠራለች፣ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ሲስተር የሺም ከእኔ ብሎክ ብዙ ሳትርቅ ነበር የምትኖረው፤ አላገባችም፣ የእህቷ ልጅ አብራት ናት። ልብ ሕመም አደከማት። ቅዳሜ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ሁለታችንም ወሬ የለንም፤ የምናውቀው ሁሉ የማይወራ ነው። ቴሌቪዥኑን እያየን እንቀመጣለን። ሌላ ማንም ዘንድ እንደዚያ ተመችቶኝ ዝም ብዬ አላውቅም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አረፈች።

ድንኳኑ ብሎኮቹ መሐል ተተከለ። የእድሩ ወንበር ሁሉ ሞላ። ሣልስት ቀን ከሰዓት የእህቷ ልጅ አጠገቤ መጥታ በሹክሹክታ «ጋሽ ደምሴ፣ እነዚህን ሰዎች ያውቋቸዋል? ዘመድ አይደሉም፣ የዚህ ሰፈርም አይደሉም። ስጠይቃቸው ጎረቤቷ ነበርን ይላሉ» አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ተራርቀው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። አንዱን አወቅኩት፣ ሌላዋንም። «የድሮ ጎረቤት ይሆናሉ» አልኳት።

ከዚያ ከፊቴ ባለው ወንበር ሻርፕ የተከናነበች ሴት ወደ እኔ ዞረች። ወፈር ብላለች፣ ፊቷ ላይ ድካም አለ። ድምጿን ስሰማ ነው ማን እንደሆነች የጠረጠርኩት፤ እንደ ጀማል ወሎዬ ቃና አላት።

«ከሲስተር ጋር ይሠሩ የነበሩት ነዎት አይደል? ዘይነባ ነኝ። እርስዎ አያስታውሱኝም።»

«እንኳን መጣሽ» አልኳት።

ከኮምቦልቻ ከተመለሱ ቆይተዋል። ባሏ ጎሮ ሱቅ ከፍቷል፣ ሁለት ልጆች አሏት። የሲስተርን መሞት ከሱቁ ደንበኛ ነው የሰማችው። ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እዚህ አይባልም ነበር፣ ግን ሌላ ቀን ላላገኝዎ እችላለሁ። ያኔ ጀማል የሚባል እጮኛ ነበረኝ። ሲስተር ዘንድ የመጣሁ ሰሞን ከእናንተ ግቢ ሲወጣ አየሁት። እንደታመመ ሰው ነው የሚራመደው። ልጠራው አልኩና ኩራቴ ያዘኝ። እዚያ ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደተወኝ፣ እርስዎ ያውቃሉ?»

አውቃለሁ ወይ ይባላል! እያንዳንዱን ቃል አውቃለሁ። ሲስተር የሺ ከአፈር ገብታለች። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ የሚጠይቀኝ የለም፣ የሚቀጣኝ የለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያቺን ሴት ይህን ሁሉ ዓመት ከተሸከመችው ነገር ታወርዳታለች። ጀማል ደግሞ በዚያች ሰዓት እዚያው መገናኛ ተራ ይዞ ተሳፋሪ እየጠበቀ ይሆናል፣ ማታ ሚስቱና ልጆቹ ዘንድ የሚገባ፣ በር ላይ ቆሞ «ከእኔና ከእርስዎ ጋር ይቀበር» ያለኝ ሰው።

«አላውቅም ልጄ» አልኳት።

ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም። ፊቴን ጠበቅኩ። ዕድሜ ልኬን የለመድኩት ነው፤ እንደዚያን ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም።

«ቢያውቁም አይነግሩኝም» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

«ሲስተር ያኔ የነገረችሽ እውነት ነው። አንቺ ላይ ምንም አልነበረም። ይህን እኔም እምልልሻለሁ።»

«እሱንማ አሁን አውቃለሁ» አለች። «ሁለት ልጅ ወልጄ፣ ስንት ሌሊት ተገላብጬ አውቄዋለሁ። ያኔ ነበር ማወቅ የነበረብኝ።» ተነሣችና ሻርፗን አስተካከለች። ወደ ሲስተር እህት ልጅ ሄዳ «አብሽሪ» ብላ አጽናናቻት፣ ለእኔም ከሩቅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝና በብሎኮቹ መሐል ሄደች።

ሰዉ ሲሳሳ የእድሩ ልጆች ወንበር መሰብሰብ ጀመሩ። የእህቷ ልጅ መጥታ «ያቺስ? ከእርስዎ ጋር ብዙ ስታወራ ነበር፣ ማን ናት?» አለችኝ።

«ለቅሶ ደራሽ ናት» አልኳት። ከወንበሬ ተነሣሁና አጥፌ ከሌሎቹ ላይ ደረብኩት።